የሌሊቱ ዱላ ቅብብል፦ ከዒሻ እስከ ሱብሒ



ውድ አንባቢያን፣ ወጣቶቻችን ያመሻሉ ወይስ አያመሹም የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል። ያመሻሉ። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከዒሻ ሶላት በኋላ ጓደኛሞች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ቦታ አይጠፋም። ገሚሱ ጫት ይዞ፣ ገሚሱ ሞባይሉ ላይ አቀርቅሮ፣ ገሚሱ የአውሮፓ ኳስ እየተመለከተ ሌሊቱን ያጋምሰዋል። የሱብሒ አዛን ሲሰማ ብዙዎቹ ገና የመጀመሪያ እንቅልፋቸው ላይ ናቸው። እናት በር ታንኳኳለች፤ መልስ የለም። ስለዚህ ለወላጆችም ለመስጂድ ኮሚቴዎችም የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ወጣቱ የሚያመሸው በምንድን ነው? ከማንስ ጋር ነው?

በዚህ ወር አምዳችን የምናቀርበው ሐሳብ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአንድ መስጂድ ጀማዓ ያሉ ጓደኛሞች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ተሰብስበው፣ ከዒሻ በኋላ ጀምረው እስከ ሱብሒ ድረስ በዱላ ቅብብል ቢሮጡ ለጤናቸውም፣ ለወንድማማችነታቸውም፣ ለሶላታቸውም ይበጃል የሚል ነው። ይህ ግን የሚበጀው በሥርዓት ሲሠራ ብቻ ነው። ያለ ሥርዓት ከተሠራ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ስለሚችል ሁለቱንም ወገን እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሌሊት ቅብብል ከየት መጣ?

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጃፓን በ1917 ሯጮች ከኪዮቶ ተነስተው ቶኪዮ ድረስ 508 ኪሎ ሜትር በቅብብል ሮጠዋል። መንገዱ በ23 ክፍል ተከፍሎ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ በሦስት ቀን ውስጥ ተጠናቀቀ። የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን በትከሻ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ መታጠቂያ ነበር። ጃፓኖች ይህን ዓይነት ሩጫ «ኤኪደን» ይሉታል፤ እስከ ዛሬም ከሚወዷቸው ስፖርቶች አንዱ ነው። በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት ደግሞ በ1982 ስምንት ቡድኖች ከሁድ ተራራ ተነስተው እስከ ውቅያኖስ ዳርቻ በቅብብል ሮጡ። ይህ ውድድር ዛሬ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ 12 ሰዎች ያሉት አንድ ቡድን ሌሊቱን ሙሉ እየተፈራረቀ ይሮጠዋል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አትሌቶች ሳይሆኑ የሥራ ባልደረቦች፣ ዘመዳሞችና የሰፈር ጓደኞች ናቸው።

የእኛ አገር ሯጮችም ቅብብልን ያውቁታል። በ2019 በዴንማርክ አርሁስ ከተማ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ያሉት የኢትዮጵያ ቡድን፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠው የድብልቅ ቅብብሉን ወርቅ አምጥተዋል። የረጅም ርቀት ሩጫ ግን በአገራችን ዘንድ የአንድ ጀግና ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። አሰላና በቆጂን ስንጠራ የሚታወሱን ኃይሌ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ ናቸው። እነርሱን እያየን ማጨብጨብ ለመድን፤ ራሳችን መሮጥን ግን ለእነርሱ ተውንላቸው።

ለምን በቡድን?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ቅብብልም እንዲሁ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አሥር ጓደኛሞች ከሌሊቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ለስምንት ሰዓት ቢቀባበሉና አንዱ በአንድ ጊዜ 12 ደቂቃ ብቻ ቢሮጥ፣ ተራው በየሁለት ሰዓቱ ይደርሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ አራት ጊዜ፣ በድምሩ 48 ደቂቃ ይሮጣል ማለት ነው። በመካከሉ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ ያርፋል። ቡድኑ በአማካይ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አሥሩ ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት 72 ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ። ይህ ከአዳማ አሰላ ሊደርሱ ጥቂት ብቻ ሲቀራቸው ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱንም ብቻህን አሰላ ድረስ ሩጥ ብንለው እብድ ናችሁ ይለናል።

ርቀትን ትተን በደቂቃ የምንለካው ሆን ብለን ነው። በርቀት ከለካን ወፍራሙ፣ ለሩጫ አዲስ የሆነው ወይም ከሕመም ያገገመው ጓደኛ የቡድኑ ሸክም ይመስላል። በደቂቃ ከለካን ግን ፈጣኑም ቀርፋፋውም እኩል 12 ደቂቃ ይሰጣሉ። መሮጥ ያቃተው በእርምጃ ይጨርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ ሌሊት ይህንን አይተካም። ነገር ግን ለዚያች ሌሊት ሲባል ለሁለት ወር በሳምንት ሦስት ቀን ከሱብሒ በኋላ አብረው የሚሮጡ ጓደኞች ይገኛሉ። ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ልምምድ ላይ ነው። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ሲደክመው ይተኛል፤ ጓደኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን ይነሳል። የተነሳው ደግሞ ሱብሒን በጀማዓ ይሰግዳል።

«ሌሊት ለእንቅልፍ ነው» ለሚሉን

ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ሌሊትን መሸፈኛ፣ እንቅልፍንም ዕረፍት እንዳደረገልን በቁርኣን ነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ይዞ መቀመጥን ይጠሉ እንደነበር ተዘግቧል። ሌሊቱን በሙሉ ይሰግድ፣ ቀኑንም በሙሉ ይጾም የነበረውን ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን (ረ.ዐ.) ሰውነቱም ዓይኑም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስተምረውታል። ዒባዳ እንኳን ልክ ከተደረገለት ስፖርት እንዴት ልክ አይኖረውም?

ለዚህ ነው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያልነው። በየሳምንቱ ይሁን የሚል ቢመጣ ይህ አምድ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይቆማል። ሁለተኛው መመዘኛ ሱብሒ ነው። ሩጫው የሚያበቃው አዛን ከመሰማቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ሯጮቹ ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው በመጀመሪያው ሰፍ እንዲገኙ። ሌሊቱን ሮጦ ሱብሒ ያመለጠው ቡድን፣ ስንት ኪሎ ሜትር ቢሸፍን ተሸንፏል። በዕረፍት ጊዜ ሁለት ረከዓ ለመስገድ የሚፈልግም ምቹ ጊዜ ያገኛል።

«ሩጫ የአትሌት ነው» ለሚሉት ደግሞ መልሱ በሲራ ውስጥ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሁለት ጊዜ እንደተሽቀዳደሙ ሐዲስ ዘግቧል፤ በመጀመሪያው እርሷ፣ በሁለተኛው እርሳቸው ቀድመዋል። ሰለማ ኢብኑል አክወዕም (ረ.ዐ.) በዙ ቀረድ ዕለት ግመሎቹን የዘረፉትን በእግሩ ያሳደደ ሶሓባ ነው።

የት ይሮጥ?

እዚህ ላይ ቃላችን ጥብቅ ነው። በዋና መንገድ ላይ አይሮጥም። የውጭዎቹ ውድድሮች ከከተማ ከተማ ስለሚሮጡ እኛም ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ ከሞጆ ወደ መቂ ብለን እንነሳ የሚል ወጣት ይኖራል። በእነዚህ መንገዶች ሌሊቱን ከባድ መኪኖች ይተላለፋሉ፤ የመንገድ መብራት የሌለባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከከተማ ውጭ ሌሊት መንቀሳቀስ ከጸጥታ አንጻርም አይመከርም። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድማ ለእግረኛ ጨርሶ የተከለከለ ነው። የአንድ ወጣት ሕይወት ከየትኛውም ውድድር ይበልጣል።

ትክክለኛው ቦታ አጥር ያለው የትምህርት ቤት ግቢ ወይም የሰፈር ኳስ ሜዳ ነው። ዙሪያው 400 ሜትር ገደማ ከሆነ በቂ ነው። መሬቱ በቀን ይታይ፤ ጉድጓድና ድንጋይ ይነሳ። ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ለቀበሌና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ማሳወቅ የግድ ነው። የተኛ ጎረቤት ሐቅ ስላለው ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ዱላውን ሲቀባበሉም «አላህ ያግዝህ» ማለት ይበቃል።

የሌሊቱ ምርጫም ከጤና ጋር ይያያዛል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ጥርና የካቲት ይሻላሉ። ያኔም ቢሆን የሚያርፉት ሰዎች እጅጌው ረጅም ልብስና ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ በአጎበር ሥር ቢያርፉ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። ላብ ያረጠበውን ሸሚዝ ሳይቀይሩ በሌሊት ንፋስ መቀመጥ አይገባም። ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆነው በሂጅራው ወር 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ሌሊቶች ስለሆነ ብርሃን ለማግኘት እነዚህ ይመረጣሉ። እነዚህ ቀናት ጾማቸው ሱና መሆኑ ይታወቃል። ሌሊቱን የሮጠ ሰው ግን ማግስቱን በውሃና በምግብ ይጠግን እንጂ ሁለቱን አያደራርብ።

ምን ይበላ?

ወጣቶቻችን ለሌሊት ሩጫ ሲሰናዱ የሚሠሩት የመጀመሪያው ስህተት ከመነሳታቸው በፊት ክትፎ ወይም ጥብስ መመገብ ነው። ሥጋና ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወርዱም፤ የሚሮጥ ሰው ደም ደግሞ ወደ ጡንቻው ስለሚሄድ ሆዱ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ቁርጠትና ማስመለስ የሚመጣው በዚህ ነው። እራት ከመግሪብ በኋላ ወዲያው ይበላ፤ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ አለዚያም ሩዝ ወይም ፓስታ ይሁን። በርበሬውና ዘይቱ ይቀነስ።

በሌሊቱ ውስጥ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ያስፈልጋል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ምግብ አያስፈልገንም። ተምር ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ ሁለት ሦስት ፍሬ ኃይል ቶሎ ይመልሳል። ሙዝ ለሆድ ቀላል ነው። በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጥቂት ማርና ቆንጥር ጨው ተጨምሮበት ሲጠጣ ምግብም መጠጥም ይሆናል፤ የድሮ መንገደኛ ስንቁ በሶ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣፋጭ ሻይ በሌሊት ቅዝቃዜ ጥሩ ነው። ቡና የለመደ አንድ ስኒ ቢጠጣ አይጎዳውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አይደጋግመው።

ከሱብሒ በኋላ ቁርስ በደንብ ይበላ። ገንፎ ወይም ማርቃ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ፉል፤ የደከመው ጡንቻ የሚጠገነው በእነዚህ ነው። አብሮ መብላቱ በረካም አለው።

ውሃው ከየት ነው?

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ እጥፍ ድርብ የሆነባቸው ጉድጓዶች አሉ። የብዙ ልጆቻችን ጥርስ የሚበልዘው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1954 ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይዞታ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው እስኪደርቅና ወገባቸው እስኪጎብጥ ድረስ ተጎድተዋል። ይህ በሐኪሞች ጥናት የተመዘገበ ነው።

ብዙ ሰው ውሃውን ካፈላው የሚስተካከል ይመስለዋል። ማፍላት ተዋህሲያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የአንድ ሌሊት ውሃ ማንንም አያጎብጥም፤ ነገር ግን ሯጭ በየዕለቱ ከሌላው ሰው የበለጠ ይጠጣል፤ እርሱ የለመደውን ውሃ ልጆቹም ይጠጡታል። ስለዚህ ከአዋሽ ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣውን ወይም በንጹሕ ታንከር የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ መምረጥ ይገባል። የሩጫው ዝግጅት አንድን ሰፈር «የምንጠጣው ውሃ ከየት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ካደረገው፣ ከሩጫው ራሱ የሚበልጥ ጥቅም አስገኘ ማለት ነው።

መጠኑን በተመለከተ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያም እንደ ጥሙ ይጠጣ። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ በብዛት መጨመር የደምን ጨው ያቀጥናል፤ ራስ ያዞራል፤ ሲብስም ያደናግራል። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ የያዘው ካለ እናቶቻችን በሚያውቁት መንገድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይገባል፤ ሩጫውም ለእርሱ በዚያው ያበቃል።

ጫትና እንቅልፍ

«ሌሊቱን ለመቆየት ትንሽ እንቃም» የሚል መኖሩ አይቀርም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እንቅልፍ ያባርራል። በሩጫ ልቡ ቀድሞውኑ በሚመታ ሰው ላይ ይህን መጨመር አደጋ ነው። ከሁሉ የከፋው ድካምን መደበቁ ነው። ድካም አላህ በሰውነታችን ያኖረው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሯጭም አቁም ሲባል መስማት አለበት። የኃይል መጠጥ የሚባሉት የታሸጉ መጠጦችም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። በእርግጥም ይህች ሌሊት አንድ የምታሳየው ነገር ቢኖር ጓደኛሞች ያለ ጫት አብረው ማንጋት እንደሚችሉ ነው።

እንቅልፍን በእንቅልፍ እንጂ በሌላ አንተካውም። በዕረፍቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ማለት ብዙ ይረዳል። አንድ የማይሮጥ ሰው ሰዓት ያዥ ይሁንና ባለ ተራውን ይቀስቅስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማግስቱን ማንም መኪና፣ ሞተር ወይም ባጃጅ አይንዳ። ጥናቶች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማስተዋል አቅሙ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። አልኮል በአፋችን ሳይገባ እንደ ሰከረ ሰው መሪ መያዝ ለእኛ ነውርም አደጋም ነው። ከሱብሒና ከቁርስ በኋላ ተኝቶ፣ ቀትር ላይም የቀይሉላ እንቅልፍን ሱና ጨምሮ ማረፍ ይሻላል።

የማይሮጡት እነማን ናቸው?

የልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለባቸው፣ በቅርቡ ትኩሳት የነበራቸው፣ ነፍሰ ጡሮች አይሮጡም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን የሚወስድ ከሆነ በሌሊት ሩጫ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ። አስም ያለበት የአዳማን ንፋስና አቧራ ያስብ፤ መንፊያውን በኪሱ ይያዝ። ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰውም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ደረቱን የጨመቀው፣ ያዞረው ወይም ንግግሩ የተምታታበት ወዲያው ያቁም፤ ወደ ሕክምናም ይወሰድ። የማይሮጠው ወንድም ግን ከጀማዓው አይገለልም። በሶ የሚበጠብጥ፣ ተራ የሚቆጥር፣ የሚቀሰቅስ ያስፈልጋል፤ የእርሱም አጅር አይጎድልም።

እህቶቻችንስ?

በ1993 በአዳማ የተወለደችውና በ2008 በስደት ወደ ኔዘርላንድስ የሄደችው ሲፋን ሐሰን፣ በሚያዝያ 2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ያሸነፈችው ዒድ አል ፊጥር ከዋለ በሁለተኛው ቀን ነበር። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ፣ ከ10,000 ሜትሩ ሁለት ቀን እንኳን ሳይሞላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች። ሜዳልያዋንም ሒጃቧን ለብሳ ተቀበለች። ይህ የዓመታት ልምምድ ፍሬ ስለሆነ ማንም አይቶ በአንድ ሳምንት ሊደግመው አይሞክር። ነገር ግን ከእኛው ከተማ የበቀለች ሙስሊም ሴት ይህን ካደረገች፣ እህቶቻችን ስኳርና ግፊት እስኪይዛቸው ቤት ውስጥ መቀመጣቸው የሃይማኖት ግዴታ ነው የሚል ሰው ማስረጃውን ያምጣ። ለእህቶች ሌሊቱ ባይመችም በሴቶች ብቻ በተያዘ ግቢ ከዐስር እስከ መግሪብ ያው ቅብብል ይሠራል። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በበዓል ቀን ቢሞክሩትም ከማንኛውም ጨዋታ ይበልጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ዱላ ቅብብል ላይ ማንም ብቻውን አያሸንፍም። አንዱ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ካልጠበቀ የሌላው ድካም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ሰውነቱን የሚጠብቀው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለወንድሙም አማና ስለሆነ መሆኑን ወጣቱ በእግሩ ይማረዋል። ይህን በምክር ብቻ ለማስተማር ብዙ ሞክረናል። የመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ ግቢ ቢያስፈቅዱ፣ ወላጆች በሶና ተምር ቢያዋጡ፣ አንድ የጤና ባለሙያ ወንድም ሌሊቱን አብሯቸው ቢያድር ነገሩ ይጀመራል። ጥርን ለማድረስ ልምምዱ ኅዳር ላይ ይጀመር።

አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ለዒባዳው የምናውለው ያድርገን። ወላሁ አዕለም።